ያልቀመስኩት ዓሣ

ለንደን፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1986 (እ.ኤ.አ.)

ለውድ አክስቴ፣ ለፒሺማዬ ለቢራጃ ዴቢ፣

ባሕር ቢለየንም ጎንበስ ብዬ እግርሽን ነክቻለሁ፤ ምርቃትሽንም በግንባሬ ተቀብያለሁ። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ በአምላካችን በእናት ዱርጋ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ከብርዱ በቀር የሚያማርረኝ የለም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴን አውቃለሁ። ሰበብ አልደረድርም። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር የዋለ እጅ ብዕር ለመጨበጥ እንደሚሰንፍ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ግን ደስ ብሎኝ፣ ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁና አንቺ ትዝ አልሽኝ። እዚህ ከሚወጡት ጋዜጦች አንዱ ስለ እኔ ሙሉ ገጽ ጻፈ! ነጭ የወጥ ቤት ልብሴን ለብሼ፣ እጆቼን አጣጥፌ የቆምኩበት ፎቶም አለበት። አንቺ ፖልቱ የምትይው ልጅ እዚህ ሼፍ ኒሩፓም ላሂሪ ተብሏል፤ ብታዪኝ በሳቅ ትሞቺ ነበር።

ጋዜጠኛዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የት መብላት እንደምወድ ነው። ካልካታ ስገባ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የምሮጥበትን ቤት ነገርኳት፤ ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረው በሙዝ ቅጠል የሚበሉበትን፣ ለቅጠሉ ለብቻ ለሎሚውም ለብቻ የሚያስከፍሉበትን። የቺትፑሩን ሙስሊም ሩዝና ሥጋም አልተውኩም፤ መሐል ላይ የሚገኘው ድንች ከሥጋው ይበልጣል አልኳት። ከዚያ የካልናው የወንዝ ዳር ሽማግሌ አለ፤ በሽንብራ ዱቄት ነክሮ የሚጠብሰውን ደበርጃን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ጣቴ ይቃጠል የነበረው። ለንደን ውስጥ የት ትበላለህ ስትለኝ አንድ የሲልሄት አገር ሰውዬ፣ ድሮ መርከበኛ የነበረ፣ ወደሚያበስልበት ምድር ቤት ወሰድኳት። ደረቅ ዓሣ ቀቅሎ ነበር፤ ሴትዮዋ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች።

ማን አስተማረህ ስትለኝ ግን "አያቴ" አልኳት። እዚህ አገር ምግብ አብሳይ የሆነ ሁሉ አያቱ ናት ያስተማረችው፤ ሌላ መልስ ብትሰጪም አይጽፉትም።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። የሰናፍጭ ዓሣሽን ስሠራው መልኩ ይመጣል፣ ሽታው ግን አይመጣም። ምን እያጠፋሁ ነው? እባክሽ ጻፊልኝ።

ልጅሽ
ፖልቱ

•

ካልና፣ ማርች 6 ቀን 1986

እናት ዱርጋ ከሁላችን ጋር ትሁን።

ለልጄ ለፖልቱ፣

ሺህ ዓመት ኑርልኝ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይጣፍጥ፤ ክፉ ዓይን አይይህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይንቀጠቀጣል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

ደብዳቤህን ሱኩማሪ ከፖስተኛው ተቀብላ ሦስት ቀን ካሳደረችው በኋላ ሰጠችኝ። ታውቃታለህ፤ የአጎትህ የታራክናት ሚስት ሆና ይህ ቤት ከገባች ጀምሮ ቁልፉ ከወገቧ ወርዶ አያውቅም። እኔ የሩቅ ዘመድ፣ በዚያ ላይ ባል የሞተባት፣ በቤታቸው ጥግ ይዤ የምኖር ሰው ነኝና ሦስት ቀን ምን አላት?

አያቴ ነች ያስተማረችኝ አልክ? ነፍሷ በሰላም ትረፍና፣ አያትህ እኮ እሳት ማንደድ አታውቅም ነበር! አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የፓን ቅጠሏን እያላመጠች "ዛሬም ጨው አንሶታል" ማለት ነበር ሥራዋ፤ ያውም ሳትቀምስ። እናትህ አንተን ወልዳ ከሞተች ወዲያ ምድጃው ሥር ያሳደገህ ማን እንደሆነ ይህ ግድግዳ ያውቃል። ይሁን፣ እኔ ቅር አላለኝም። የሞተ ሰው ቢመሰገን ምን ይጎዳል? ቅር አላለኝም አልኩህ።

ስለ ቺትፑሩ ሩዝና ሥጋ የጻፍከውን ለአጎትህ አላነበብኩለትም። ቢሰማ ረከስን ብሎ ቤቱን በሙሉ በተቀደሰው የጋንጋ ወንዝ ውኃ ያሳጥባል።

የሰናፍጩን ነገር ልንገርህ። ዘይቱን በደንብ አግለው፤ ነጭ ጭስ ሲያወጣ አውርደውና ይረፍ። ጥቁር አዝሙዱን ስትጥልበት ጆሮህን ስጠው። ቶሎ ቶሎ ከተንጫጫ ዘይቱ ገና ነደድ ብሏል፣ ጠብቅ። እንደሚያንሾካሽክ ሰው ሲሆን ቃሪያውን ሰንጥቀህ ክተት። ሰናፍጩን መጨረሻ ላይ ነው የምታስገባው፤ ከገባ በኋላ እሳት ካበዛህበት ሽታው በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ አንተ ያጠፋኸው ይህንን ነው። ክዳኑን ከድነህ ሂድና ሌላ ሥራ ሥራ። እየከፈትክ አትየው።

እኔ እንደ ድሮዬ ነኝ። ጠዋት የዓሣውን ወጥ ቤት እጨርስና ኩሬ ወርጄ እታጠባለሁ፤ ልብሴን ለውጬ የቤታችንን አምላክ የጎፓልን ወጥ ቤት እከፍታለሁ። ጎፓል የምሠራለትን የወተት ሩዝ ለምዶታል፤ ሌላ ሰው ቢሠራለት አኩርፎ የሚተኛ ነው የሚመስለኝ።

ደግሞ ስሜን ባለማንሳትህ ቅር ያለኝ እንዳይመስልህ።

ፒሺማህ
ቢራጃ

•

ለንደን፣ ጁን 14 ቀን 1986

ለውድ ፒሺማዬ፣

እግርሽን ነክቼ፣ ምርቃትሽን ለምኜ እጀምራለሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ዝናቡ ገባላችሁ?

ደብዳቤሽን ሳነብ አፈርኩ። ሦስት ጊዜ "ቅር አላለኝም" ብለሻል፤ አንዴ ብትይው ኖሮ አምንሽ ነበር! ይኸው ክሼሻለሁ። አንድ ትልቅ መጽሔት ሊያነጋግረኝ መጣ፤ አያቴን ትቼ ስለ አንቺ ብቻ አወራሁ። ስምሽ አለ፣ ካልና አለ፣ ሁለቱ ወጥ ቤቶች አሉ። አንድ የሚያስለቅስ ታሪክ ነገርኳቸውና ጸሐፊው እውነትም ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤታችን ውስጥ ወንበር ለመያዝ ሰው ሦስት ሳምንት ይጠብቃል። የሰናፍጩንም ዓሣ ባንቺ ጠራሁት።

ጽሑፉን ቆርጬ ልኬልሻለሁ። እንግሊዝኛ ስለሆነ አጎቴ ታራክናት ያንብብልሽ፤ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው እሱን አይደል? ጮክ ብሎ ያንብበው፣ ሱኩማሪም ትስማ። ጥግ ያስያዙሽ ሴት ማን እንደሆነች ይወቁ።

ፎቶግራፍሽን ላኪልኝ። ነጩን ሳሪሽን ለብሰሽ፣ ብትችይ ምድጃው አጠገብ።

ልጅሽ
ፖልቱ

•

ካልና፣ ኦገስት 2 ቀን 1986

እናት ዱርጋ ትሰብስበን።

ለፖልቱ፣

በጤና ኑር። የላክኸው ወረቀት ደርሷል።

የሆነውን በሙሉ ልጻፍልህ፤ ግማሹን ብቻ ብነግርህ አይገባህም። ወረቀቱን አራት ቀን ትራሴ ሥር ይዤው አደርኩ። እንግሊዝኛ ባላውቅም ስሜ የቱ ጋ እንዳለ ፈልጌ አገኘሁት፤ ላሂሪ የሚለው ስምህ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል አውቃለሁና፣ ከሱ ሌላ በትልቅ ፊደል የሚጀምረውን እያየሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አልዋሽህም፣ ያን ያህል ነው የተደሰትኩት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ታራክናት በረንዳው ላይ ተጋድሞ ነበር። የቤታችን ካህንም በልቶ እዚያው ተቀምጧል፤ ሱኩማሪ ፓን ትጠቀልላለች። በሩ ኋላ ቆሜ፣ የሳሪዬን ጫፍ እስከ ግንባሬ ስቤ፣ "ፖልቱ ልኮት ነው፣ ታራክናት ያንብብልኝ ብሏል" ብዬ ሰጠሁት። በገዛ እጄ ሰጠሁት ልጄ።

መነጽሩን አደረገና እየተረጎመ ያነብ ጀመር። "'ምግብ ማብሰል የተማርኩት ከቢራጃ ዴቢ ነው። የአባቴ የአጎት ልጅ ናት፤ እኔ ግን ፒሺማ፣ የአባት እህት፣ እያልኩ ነው የምጠራት።'"

"ኧረ ቢራጃ! ለንደን ገባሽ እኮ!" አለ ካህኑ።

"ዝም በል፣ ይስማ ጆሯችን" አለች ሱኩማሪ፤ እሷም ፈገግ ብላ ነበር። እኔ በሩን ይዤ እንደ ሙሽራ አፍራለሁ።

"'በሃያ አንድ ዓመቷ ባሏ ሞተባት። እንደ ልማዳችን ዓሣና ሥጋ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለዕድሜ ልኳ ተከለከለች። በየቀኑ ግን ለአሥራ አምስት ሰው ዓሣ ትሠራ ነበር። ማንም በማያያት ጊዜ...'" አለና አቋረጠው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው።

"ምን ይላል? ጨርሰው እንጂ" አለች ሱኩማሪ።

"'ማንም በማያያት ጊዜ በሩን ገርበብ አድርጋ መረቁን በመዳፏ ትቀምስ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አየኋት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በል አለችኝ። ምግብ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።'"

መጀመሪያ የተናገረው ካህኑ ነው። "ዓሣ በነካ አፍ፣ በዚያው ትንፋሽ የጎፓልን ማዕድ..." ብሎ ተወው። ሱኩማሪ ፓኑን ከእጇ ጣለች። "ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት ልጆቼን ከጎፓል የተረፈ ነው እያልኩ ያጎረስኳቸው እሱን ነው?" አለች።

ታራክናት አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ቢራጃ፣ እውነት ነው?" አለኝ።

"አይደለም" አልኩት።

"ታዲያ ልጁ ለምን ይዋሻል? በዚህ ዓለም ላይ አንቺን የሚወድ እሱ ብቻ ነው።"

ለዚህ መልስ አንተ ካለህ ንገረኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱንም ወጥ ቤት አልገባም። የጎፓልን ዕቃ ሁሉ በአመድና በጋንጋ ውኃ አሹት፤ የሸክላውን ሰበሩት። እኔን ከላሞቹ በረት አጠገብ ያለው ክፍል ውስጥ አድርገውኛል። የጎፓል ልደት በዚህ ወር መጨረሻ ላይ ነው፣ በእናንተ አቆጣጠር ኦገስት 27። ሠላሳ አንድ ዓመት የልደቱን ምግብ የሠራሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ለታራክናት አንድ መስመር ጻፍለት። "ያልኩት ልክ አይደለም፤ ፒሺማ ቀምሳ አታውቅም" በልና ፈርምበት። ለመጽሔቱ አትጻፍ፣ እንግሊዞቹ ያሻቸውን ይመኑ። ለዚህ ቤት ብቻ። ቶሎ ከላክኸው ለልደቱ ይደርሳል።

ቢራጃ

•

ካልና፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1986

ለፖልቱ፣

ደህና ሁንልኝ። ደብዳቤዬ አልደረሰህ ይሆናል ብዬ ሌላ ጻፍኩ።

የጎፓል ልደት አለፈ። ሱኩማሪ የሠራችው የወተት ሩዝ ሥሩ አረረ፤ በረት ሆኜ ሸተተኝ። ገብቼ ላማስለው ተነሣሁና መልሼ ተቀመጥኩ።

ያን አንድ መስመር አትርሳብኝ።

ቢራጃ

•

ለንደን፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1986

ለተከበሩ ፒሺማ፣

በአክብሮት እግርዎን እነካለሁ። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። መልሴን ያዘገየሁት ሥራ ስለበዛብኝ ብቻ አይደለም፤ ምን እንደምጽፍ ስላላወቅሁም ነው።

የደረሰብዎት ነገር አሳዝኖኛል፤ አናዶኛልም። ነገር ግን ያላየሁትን አየሁ አላልኩም። ዝናብ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ርሼ ስመጣ የዓሣው ወጥ ቤት በር ገርበብ ብሏል። ከጭልፋው እጅዎ ላይ ጠብ አደረጉ፣ ወደ ፊትዎ አነሱት። በዓይኔ አይቻለሁ። የጣቱን ነገር ትንሽ አሳምሬዋለሁ፤ እሱን አልክድም። ሌላው ግን እውነት ነው፤ እውነትን ውሸት ነው ብዬ መፈረም እንዴት ይቻለኛል?

ደግሞስ ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ማፈር ያለባቸው እነሱ ናቸው፤ አንዲትን ወጣት ሴት ያን የመሰለ ዓሣ እያሠሩ አትቅመሺ ያሉ። እኔ የተሟገትኩት ለእርስዎ ነው። ባለፈው ወር እዚህ አንድ አዳራሽ ውስጥ ታሪክዎን ስናገር ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። "የመበለቷ ዓሣ" ከምግብ ዝርዝራችን ላይ የማይጠራው የለም። አንድ አሳታሚ መጽሐፍ እንድጽፍ ተዋውሎኛል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ይኸው ታሪክ ነው። አሁን ተነሥቼ ሐሰት ነው ብል ምን እባላለሁ?

ከዚያ ቤት ይውጡ። ካልካታ ውስጥ ክፍል እከራይልዎታለሁ፤ ማንም ምን በላሽ አይልዎትም። ያስቡበት።

ኒሩፓም

•

ካልና፣ ኖቬምበር 18 ቀን 1986

እናት ዱርጋ ለሁላችን ልብ ትስጠን።

ለፖልቱ፣

በጤና ያቆይህ። "እርስዎ" አልከኝ። አፍህን የፈታኸው "አንቺ" ብለኸኝ ነበር፤ ይሁን።

ያየኸውን ልንገርህ፤ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ስለሌለ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። መረቁን የማስቀምጠው መዳፌ ላይ አይደለም፣ የእጄ ጀርባ ላይ ነው። እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ጨው ያነሰው መረቅ እንዲሁ ይደርቃል፤ ጨው የበቃው ቆዳን ያዝ ያደርጋል፤ የበዛው ይቆነጥጣል። ከዚያ ወደ አፍንጫዬ አነሣዋለሁ። እርዱ በስሎ እንደሆነና እንዳልሆነ ሽታው ይነግረኛል። ድንብላል ጥሬ ከሆነ የሣር ሽታ አለው። የዓሣው ሥጋ ከአጥንቱ ሊለቅ ሲል የሚፈላው ድምፅ ይወፍራል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ባሌ በሞተ በሳምንቱ ምድጃው ፊት አቆሙኝና "ሥሪ" አሉኝ፤ በመጀመሪያው ወር አያትህ ሳህን ወረወረችብኝ፣ በሦስተኛው ወር ዝም አለች።

ወር በገባ በየአሥራ አንደኛው ቀን ውኃ እንኳ የማልቀምስበት ጾም አለብኝ። በዚያም ቀን ለአሥራ አምስት ሰው ዓሣ እጠብስ ነበር። ምራቄን የዋጥኩበትን ቀን አልቆጠርኩም። አንድ ጊዜም አልቀመስኩም። ፈርቼ እንዳይመስልህ፤ በር መዝጋት ለኔ ምን ይቸግረኛል? መጀመሪያ ለሞተው ባሌ ብዬ ነበር፤ እሱን በደንብ አላውቀውም ነበር፣ እየቆየ መልኩም ጠፋኝ። ኋላ ግን ለራሴ ሆነ። ይህችን ታህል ነገር በዚህች አገር ከኔ በቀር የሚችል ሰው የለም እያልኩ በልቤ እኮራ ነበር። ያለኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር ፖልቱ።

አንተ ሰው ፊት አቁመህ ሌባ አደረግኸኝ፤ ሰዎቹም አጨበጨቡ። ከመሬት ተነሥተህ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሳትቀምስ ታበስል ነበር ብላቸው ማን ያምነኛል ብለህ ይሆናል። አንተ ራስህስ ታምናለህ? ምግብ አብሳይ ነህ፤ ስንት ዓመት አጠገቤ ቁጢጥ ብለህ አድገሃል፤ እጄን ወዴት እንዳነሣሁ ማየት አቃተህ?

ካልካታ ክፍል አያስፈልገኝም። ምን እንደበላሁ የማይጠይቀኝ ቤት ሳይሆን የማበስልበት ቤት ነው የምፈልገው።

ዓሣውን ባንቺ ጠራሁት ብለኸኝ ነበር። የኔ ስም ቢራጃ ነው።

እኔም ጥፋት አለብኝ። ስሜ እንዲነሣ ፈልጌ ነበር። እንዲያ ባልፈልግ ኖሮ ዛሬ ወጥ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። ይህን አምኜ ነው የምጽፍልህ፤ አሁንም የምለምንህ ያንኑ አንድ መስመር ነው። ሱኩማሪ ሌላ አብሳይ ልትቀጥር ሰው እያስጠየቀች ነው። አብሳይ ከገባ መመለሻ የለኝም።

ቢራጃ

•

ለንደን፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1987

ለፒሺማ፣

እግርሽን ነክቻለሁ። በጎ ሆነሽ ይህ እንደሚደርስሽ ተስፋ አለኝ። እዚህ በረዶ ነው፤ መጽሐፉም ጊዜ ነሳኝ።

ብዙ አሰብኩበትና የጠየቅሽኝን አደረግሁ። ለአጎቴ ታራክናት ጽፌያለሁ። እንዳትጠራጠሪ ግልባጩን እዚህ አሰፍርልሻለሁ፦

"ለተከበሩ ታላቅ አጎቴ፣ እግርዎን እነካለሁ። ፒሺማ ቢራጃ ዓሣ ቀምሳ እንደማታውቅ እንድጽፍልዎት ደጋግማ ጠይቃኛለች። በዚህ ዕድሜዋ እንድትጉላላ አልፈልግምና እንዳለችው ጽፌያለሁ። ይቅርታ አድርገው ወደ ሥራዋ ቢመልሷት ደስ ይለኛል። ኒሩፓም።"

እንዲህ ስጽፈው እኔም ኅሊናዬን አልሸጥኩም፣ አንቺም የፈለግሽውን አገኘሽ። ነገሩ በዚህ ይዘጋ።

አሁን ሌላ ችግር አለብኝ። ለመጽሐፉ የዱባ አበባ ጥብስሽ ቀርቶኛል። ሊጡ ውስጥ ከሩዝ ዱቄት ሌላ ምን ነበር የምትጨምሪው? አሳታሚው እስከ ሜይ መጀመሪያ ብሎኛል፤ ቶሎ ጻፊልኝ። ፎቶግራፉንም አልላክሽም።

ፖልቱ

•

ናባድዊፕ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1987

ለፖልቱ፣

በያለህበት ሰላም ሁን። ከዚህ በኋላ ካልና ብትጽፍ አታገኘኝም።

መስመርህ ደረሰች። ታራክናት አሁንም በረንዳው ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ አነበባት። "'እንዳለችው ጽፌያለሁ'" ሲል ሱኩማሪ ሣቀች። "ይኼ እንግዲህ ምስክርነት ነው ልመና?" አለች። ካህኑ ቀና ብሎ አላየኝም። ታራክናት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ቀስ ብሎ፣ እንደታመመ ሰው እያናገረ፣ "ቢራጃ፣ እባክሽ ልጁን አታስጨንቂው" አለኝ። እስከዚያ ቀን አልቀመሰች ይሆናል ብሎ ትንሽ ይጠራጠር ነበር፤ አይቼበታለሁ። ጥርጣሬውን አንተ ገላገልከው። ባትጽፍ ይሻለኝ ነበር።

አዲሱ አብሳይ በሳምንቱ ገባ። ደህና ሰው ይመስላል፤ ጨው በእፍኝ ነው የሚለካው። እኔን ደግሞ እዚህ ናባድዊፕ ባል የሞተባቸው ሴቶች ወደሚሰበሰቡበት ቤት ላኩኝ። ጠዋት ለአራት ሰዓት፣ ከሰዓትም ለአራት ሰዓት የአምላካችንን ስም እየዘመርን ሩዝና ድንች ይሰጡናል። ምግብ ላብስል ብዬ ጠይቄ ነበር። የታራክናት ደብዳቤ ቀድሞኝ ደርሷል፤ ወጥ ቤቱን አታስገቧት ብሏል። ግቢ እጠርጋለሁ። እዚህ ያሉት ሴቶች ስለ እኔ ያወራሉ፤ አንዷማ ማታ ቀስ ብላ ጠጋ አለችኝና "ጣዕሙ እንዴት ነበር?" አለችኝ።

ይህን ስሰማ ነው አንድ ነገር ያሰብኩት። ቅጣቱን ተቀብያለሁ፤ ጥፋቱ ግን ገና አልተሠራም ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ዝማሬው ሲያልቅ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድኩ። ፊት ለፊቱ የሩዝና የዓሣ መሸጫ አለ። የመበለት ነጭ ሳሪዬን እንደለበስኩ ገብቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የሚበሉት ሁሉ እጃቸው አፋቸው ደርሶ ቆመ።

"እናቴ፣ ለሰው መግዛትሽ ነው? ልጠቅልልሽ?" አለ ባለቤቱ።

"እዚሁ ነው የምበላው። ዓሣ አምጣልኝ።"

"እናቴ፣ እኔ ኃጢአት ውስጥ አልገባም። ባይሆን ጎመን ላምጣልሽ..."

"ከፍዬ ነው የምበላው፤ ኃጢአቱም ተከፍሎበታል። አምጣው።"

እያጉረመረመ ጨለፈ። ሳህኑ ገና ከእጁ ሳይለቅ፣ ሽታው ሲደርሰኝ፣ "ይህ የትናንት ዓሣ ነው፤ እሱን ለመሸፈን ጨው አብዝተህበታል። ድንብላሉም አልበሰለም" አልኩት።

"ኧረ ሴትዮ! ሳትቀምሺው?" አለ ተቆጥቶ። "እስቲ መጀመሪያ ቅመሺ!"

ቀመስኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ዋጥኩት። የትናንት ነው። ጨው በዝቶበታል። ድንብላሉም ጥሬ ነው። ሰውየው ፊቴን ሲያይ ቆየና ራሱ በጭልፋ ቀመሰው፤ ከዚያ ዋጋውን አልቀበልም አለ።

አየህ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አልተሳሳትኩም ነበር። ማረጋገጥ አያስፈልገኝም ነበር፤ አንተ ግን እንድጠራጠር አደረግኸኝ።

የዱባ አበባውን ሊጥ አልነግርህም። ለመጽሐፍህ ግን እውነተኛ ነገር ከፈለግክ ይኸውልህ፤ ሳታሳምር ጻፈው። ቢራጃ ዴቢ ዓሣ የቀመሰችው ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1987፣ ናባድዊፕ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጎረሰች። የቀረውን ለውሻ ሰጠችው።

ቢራጃ